‹‹ቅድም ነግሬሽ የለም ወይ፣ ልጄ?››
መብራት ሲሄድ ላፕቶፕዎ ምን እንደሚያደርግ አስቀድመው ይወስኑለት!

‹‹ሄደ!››

ሐይቅ ከተማ ውስጥ መብራት መጥፋቱን ለማወቅ አምፖል ማየት አያስፈልግም፡፡ የሙዚቃ ቤቱ ዘፈን መሀል ላይ ቀጥ ይላል፣ የወፍጮው ጩኸት እየሰለለ ይሞታል፣ ከዚያ ሕፃናቱ ከየአጥሩ ጀርባ ‹‹ሄደ!›› ብለው ይጮሃሉ፡፡ ሲመጣም ‹‹መጣ!›› የሚሉት እነሱው ናቸው፡፡ መቼም የኛ ሀገር ልጅ አፉን የሚፈታው መጀመሪያ ‹‹እማዬ››፣ ቀጥሎ ‹‹መብራት መጣ›› ብሎ ነው ቢባል ብዙም ውሸት አይሆንም፡፡

ውድ አንባብያን! ዛሬ ስለ ፍቅር፣ ስለ ትዳርና ስለ ምቀኛ ጎረቤት አላወጋችሁም፡፡ የማወጋችሁ ስለ ላፕቶፕ ባትሪ ነው፡፡ ‹‹ኧረ በስንቱ! ላፕቶፕ ደግሞ ምን ምክር ያስፈልገዋል? ሲያልቅ መሰካት ነው!›› የምትሉ አትጠፉም፡፡ እኔም እንደ እናንተው ነበርኩ፡፡ ያቺ የሰኔ ምሽት እስክትመጣ ድረስ፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ከጋዜጣ የሚገኘው ሳንቲም ብቻውን ስለማያኖር፣ ትርፍ ሰዓቴን አስፋልቱ ዳር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ማመልከቻና አቤቱታ እየተየብኩ አሳልፋለሁ፡፡ ራፖር ጸሐፊዎች ፍርድ ቤት በር ላይ ተቀምጠው በእስክሪብቶ የሚሠሩትን እኔ በኮምፒውተር መሥራቴ ነው፡፡ በ2017 ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ አንድ ቀን ከቀኑ አሥር ሰዓት ግድም፣ ከአምባሰል የመጡ አንዲት እናት በሩን ገፋ አድርገው ገቡ፡፡ ነጠላቸው ረጥቧል፡፡ በፌስታል የተጠቀለለ የፍርድ ግልባጭ ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘዋል፡፡

‹‹ልጄ፣ ይግባኝ ትጽፋለች ብለውኝ ነው፡፡ ነገ ደሴ ካላደረስኩ ቀኔ ያልፋል›› አሉኝ፡፡

‹‹አይዞዎት እናቴ፣ ይቀመጡ፡፡ አሁኑኑ እንጽፈዋለን››

ጉዳያቸው የመሬት ድንበር ነው፡፡ ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ የባላቸው ወንድም ድንበሩን በየዓመቱ እየገፋ፣ እየገፋ፣ ጓሯቸው ደረሰ፡፡ ከሰሷቸው፤ ተረቱ፡፡ የቀራቸው ይግባኝ ብቻ ነው፡፡ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እተይባለሁ፡፡ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዝናቡ በረታና መብራት ሄደ፡፡ ‹‹አያስቡ፣ ይሄኛው ባትሪ አለው›› አልኳቸው፡፡ ኩራቴን ብታዩት! ማያው ላይ መቶ በመቶ ይላል፡፡

ከዚያ ወደ ዋናው ነገር ገቡ፡፡ ባለቤታቸው ሊያርፉ ሰሞን፣ በሰው ተደግፈው ማሳው ድረስ ሄደው፣ ወንድማቸውንና ሽማግሌዎችን ጠርተው፣ የድንበሩን ድንጋይ በእጃቸው ነክተው የተናገሩት ቃል ነበረ፡፡ ያንን ቃል እናታችን እያለቀሱ፣ አንዳንዴም እየሣቁ፣ አንድ በአንድ ነገሩኝ፡፡ እኔም ዓይኔን እየጠረግሁ ጻፍኩት፡፡ ስንት አቤቱታ ጽፌአለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን ጽፌ አላውቅም፡፡

ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ባትሪው 34 በመቶ ይላል፡፡ ‹‹ገና ሲሶው አለ›› ብዬ ቀጠልኩ፡፡ አንድ መስመር ሳልጨርስ ማያው ድርግም አለ፡፡ ማስጠንቀቂያ የለ፣ ‹‹ላጠፋ ነው›› የለ፣ ምን የለ! ጥቁር መስተዋት ውስጥ የራሴን ፊት አየሁት፡፡

አላስቀመጥኩትም ነበር፡፡ ‹‹ሲያልቅ በስማቸው ሴቭ አደርገዋለሁ›› ብዬ ነው፡፡ ኮምፒውተሩ በራሱ ቅጂ የሚይዝበትን ነገር ደግሞ አንድ ወዳጄ ‹‹እንዳይንቀራፈፍብሽ›› ብሎ አጥፍቶልኛል፡፡ እግዜር ይስጠው!

ሻማ ለኮስኩ፡፡ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁ፡፡ ‹‹እናቴ፣ እንደገና ይንገሩኝ›› አልኳቸው፡፡ አዩኝ፡፡ ‹‹ቅድም ነግሬሽ የለም ወይ፣ ልጄ?›› አሉ፤ ቁጣ የለበትም፤ የገባቸው አልመሰለኝም፡፡ ማሽኑ የሰማውን ሊረሳ ይችላል ብሎ ማን ያስባል? እንደገና ነገሩኝ፡፡ ግን ደረቅ ደረቁን፡፡ ቀኑን፣ የምስክሮቹን ስም፣ የድንጋዩን ቦታ ነገሩኝና የባላቸው ቃል ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ፡፡ ‹‹እሱንስ አንድ ጊዜ አውጥቼዋለሁ፡፡ ሁለተኛ አላወጣውም›› አሉኝ፡፡

ትዝ ከሚለኝ አሟልቼ ልጽፈው እችል ነበር፡፡ ነገር ግን ለባለቤቱ መልሼ ያላነበብኩትን የሟች ቃል በፍርድ ቤት ወረቀት ላይ ማስፈር ነውር መሰለኝና ተውኩት፡፡ በማግስቱ በእጅ የተጻፈውን ይዘው በመጀመሪያው ሚኒባስ ደሴ ገቡ፡፡ ቀኑ አላለፈባቸውም፣ ተመስገን፡፡ ያ ቃል ግን እስከ ዛሬ ወረቀት ላይ የለም፡፡

መብራት ይኖራል ያለው ማነው?

ከዚያን ቀን በኋላ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ፡፡ ኮምፒውተር በኮሌጅ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ የቀረውን ሰው በመጠየቅና በመነካካት ነው የለቀምኩት፡፡ ስለዚህ እንደገና ጠያቂ ሆንኩ፡፡ ደሴ ያሉ ጠጋኞችን አስቸገርኩ፡፡ ያገኘሁትን ባጭሩ ልንገራችሁ፡፡ ላፕቶፕ ከፋብሪካው ሲወጣ ለኃይል ቁጠባ የተሰጠው ትእዛዝ ሁሉ የታሰበው ማታ ሶኬቱን አግኝቶ ለሚያድር ሰው ነው፡፡ ባትሪው የታሰበው ከቢሮ ቡና ቤት፣ ከቡና ቤት ቤት እስኪገባ ነው፡፡ ሐይቅና አምባሰል ላይ ግን ባትሪው መሸጋገሪያ ሳይሆን ዋናው ቤት የሚሆንበት ቀን ብዙ ነው፡፡

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ አካባቢያችን ሲገባ ለሳምንታት መብራት እንዳልነበረ የረሳ የለም፡፡ ያኔ ላፕቶፕ ማለት የዳቦ መቁረጫ ጣውላ ማለት ነበር፡፡ አሁን ደግሞ የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ እሰየው ነው! ሆኖም ኃይል ማመንጨት አንድ ነገር፣ ያ ኃይል በምሰሶና በሽቦ ተራራውን ሁሉ አልፎ፣ ዝናቡንና ነፋሱን ተቋቁሞ ጎጆ መድረሱ ሌላ ነገር ነው፡፡ አንድ ዛፍ ሽቦ ላይ ከወደቀ ግድቡ ቢሞላም ባይሞላም የኛ ሰፈር ሕፃናት ‹‹ሄደ!›› ማለታቸው አይቀርም፡፡ ስለዚህ መብራት ኃይልን እየጠበቅን፣ በእጃችን ያለውን እናስተካክል፡፡

ባትሪው የሚናገረውን ቁጥር ሁሉ አትመኑ

የመጀመሪያው ትምህርቴ ይሄ ነው፡፡ የላፕቶፕና የሞባይል ባትሪ ሊቲየም አየን ይባላል፡፡ ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ ያቀረበው ሲሆን፣ ለግኝቱ መሠረት የጣሉት ሦስት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሸልመውበታል፡፡ ግሩም ነገር ነው፤ ግን ያረጃል፡፡ በተሞላና በተራገፈ ቁጥር፣ በሞቀ ቁጥር፣ የሚይዘው እያነሰ ይሄዳል፡፡ ሲያረጅ ደግሞ መዋሸት ይጀምራል፡፡ 34 በመቶ አለኝ ይልና በአንድ አፍታ ዜሮ ይሆናል፡፡

ኮምፒውተሩ ሊያልቅ ሲል ሥራችሁን አስቀምጦ እንዲጠፋ የሚያዝ ቦታ አለው፡፡ ብዙውን ጊዜ 5 በመቶ ላይ ነው የተቀጠረው፡፡ እንግዲህ አስቡት፤ የኔው 34 ላይ የሚሞት ከሆነ 5 ላይ የተቀጠረው ማዳኛ መቼ ይደርሳል? ቀብር ከወጣ በኋላ የሚመጣ ሐኪም ማለት ነው!

መድኃኒቱ ይሄውላችሁ፡፡ መብራት ባለበት ቀን፣ ምንም ሥራ ሳይከፈት፣ ላፕቶፑን ሞልታችሁ ከሶኬት ንቀሉትና እስኪጠፋ ተከታተሉት፡፡ የመጨረሻውን ቁጥር ጻፉ፡፡ በሌላ ቀን አንዴ ድገሙት፤ አታብዙት፣ እስከ መጨረሻው ማራገፍም ራሱ ባትሪ ይጎዳል፡፡ ከዚያ በዊንዶውስ ‹‹ኮንትሮል ፓነል›› ውስጥ ‹‹ፓወር ኦፕሽንስ››ን፣ ቀጥሎም ‹‹ቼንጅ ፕላን ሴቲንግስ››ንና ‹‹አድቫንስድ›› የሚለውን ክፈቱ፡፡ መጨረሻ ላይ ‹‹ባትሪ›› የሚል ታገኛላችሁ፡፡ በውስጡ ‹‹ክሪቲካል ባትሪ ሌቭል›› የሚለውን፣ ከጻፋችሁት ቁጥር አሥር ያህል ከፍ አድርጉት፡፡ የማስጠንቀቂያውን ‹‹ሎው ባትሪ ሌቭል›› ደግሞ ከዚያም በላይ አድርጉት፡፡ እኔ 45 እና 55 አድርጌዋለሁ፡፡ ‹‹ግማሹን ጣልሽው እኮ!›› የሚሉኝ አሉ፡፡ የጣልኩት የውሸቱን ግማሽ ነው፡፡

ባትሪያችሁ ምን ያህል እንዳረጀ በቁጥር ማየት ከፈለጋችሁ፣ ዊንዶውስ ‹‹ባትሪ ሪፖርት›› የሚባል ወረቀት ያወጣል፡፡ ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው አውጣልኝ በሉት፤ የደቂቃ ሥራ ነው፡፡ ሲወለድ ይይዝ የነበረውንና አሁን የሚይዘውን ጎን ለጎን ያሳያችኋል፡፡ ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙማ ይህን ወረቀት ሳታዩ ገንዘብ አትቁጠሩ፡፡

መተኛትና መተኛት ይለያያል

ሁለተኛው ነገር፡፡ ላፕቶፕ ሁለት ዓይነት እንቅልፍ አለው፤ ‹‹ስሊፕ›› እና ‹‹ሃይበርኔት››፡፡ አብዛኛው ሰው ክዳኑን ከድኖ የሚሄደው በስሊፕ ነው፡፡ ስሊፕ ማለት ፍሙን አመድ አልብሶ እንደ ማሳደር ነው፡፡ ጠዋት ቶሎ ይያያዛል፤ ግን ሌሊቱን ሙሉ ትንሽ ትንሽ ይበላል፡፡ ሥራችሁን የያዘው በቃሉ ነውና ባትሪው ካለቀ ሁሉንም ይረሳል፡፡ ሃይበርኔት ግን የያዘውን ሁሉ ዲስኩ ላይ ጽፎ ነው የሚተኛው፡፡ ከዚያ በኋላ ባትሪው ሳምንት ባዶ ሆኖ ቢቆይ፣ መብራት ሲመጣ ካቆማችሁበት መስመር ላይ ይጠብቃችኋል፡፡

የቃልና የጽሑፍን ልዩነት ለሐይቅ ሰው ማስረዳት እንኳ አያስፈልግም ነበር፡፡ በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞአ የትምህርት ማዕከል ባደረጉት በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ እ.ኤ.አ. በ1280 ግድም የተጻፈ የእሳቸው አራቱ ወንጌል ይገኛል፡፡ ሴት ስለማይገባበት እኔ በዓይኔ አላየሁትም፡፡ ግን ከ700 ዓመት በላይ የቆየው ማንም በቃሉ ስለያዘው ሳይሆን ብራና ላይ ስለሠፈረ እንደሆነ ለማወቅ ማየት አያሻም፡፡

ስለዚህ፣ በዚያው በ‹‹ፓወር ኦፕሽንስ›› ውስጥ ‹‹ክሪቲካል ባትሪ አክሽን›› የሚለውን ‹‹ሃይበርኔት›› በሉት፡፡ ‹‹ዱ ናትንግ›› ብሎ ከሆነ፣ ማለትም ‹‹ምንም አታድርግ››፣ እንደኔ ጉድ መሆናችሁ ነው፡፡ ክዳን ሲዘጋ ምን ያድርግ የሚለውንም፣ በባትሪ ላይ ሲሆን ሃይበርኔት አድርጉት፡፡ ሁለት ዓምድ ነው የምታዩት፤ አንዱ ‹‹ኦን ባትሪ››፣ ሌላው ‹‹ፕለግድ ኢን›› ይላል፡፡ የኛ ሀገር ሰው ማስተካከል ያለበት በተለይ የመጀመሪያውን ነው፡፡

ማን በላው?

አሁን ወደ ቁጠባው፡፡ ባትሪ የሚለካው በዋት ሰዓት ነው፡፡ ሒሳቡን እንደ እህል ጎተራ አስቡት፡፡ ጎተራው 40 ዋት ሰዓት ቢይዝ፣ ላፕቶፑ በሰዓት 20 ከበላ ሁለት ሰዓት ይቆያል፤ 8 ከበላ አምስት ሰዓት ይቆያል፡፡ ጎተራውን ማስፋት አንችልም፤ አፉን መቀነስ ግን እንችላለን፡፡

በትየባ ሥራ ላይ ትልቁ በላተኛ ማያው ነው፡፡ ብርሃኑን ዓይናችሁ እስከሚችለው ድረስ ቀንሱት፡፡ ማታ በሻማ ብርሃን ውስጥ ሲሶው ይበቃል፡፡ በ‹‹ሴቲንግስ››፣ ‹‹ሲስተም››፣ ‹‹ፓወር ኤንድ ባትሪ›› ውስጥ፣ ሳትነኩት ስትቀሩ ማያው በሁለት ወይም በሦስት ደቂቃ እንዲጠፋ እዘዙት፡፡ እዚያው ‹‹ባትሪ ሴቨር›› አለ፤ በአዳዲሶቹ ላይ ‹‹ኢነርጂ ሴቨር›› ይባላል፡፡ ማያውን ያደበዝዛል፣ ከጀርባ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ይገታል፡፡ ብዙ ጊዜ 20 በመቶ ላይ ነው ራሱ የሚነሣው፡፡ አትጠብቁት! መብራት በሄደባት ደቂቃ በእጃችሁ አብሩት፡፡ ጠግቦ በልቶ መጨረሻ ላይ መቆጠብ የማንም ቤት አልሠራም፡፡ ኔትወርክ የማያስፈልገው ሥራ ከሆነም ‹‹ኤርፕሌን ሞድ›› አድርጉት፡፡ የማትጠቀሙበትን ፍላሽም ንቀሉ፡፡

አሁን ደግሞ ወደ አስቸጋሪው በላተኛ፡፡ ወደ ጎረቤት ሞባይል!

መብራት ሲሄድ ላፕቶፕ ያለው ሰው የሰፈሩ ጄነሬተር ይሆናል፡፡ ‹‹እታለም፣ ለአምስት ደቂቃ ብቻ ሰኪልኝ›› ይላሉ፡፡ ያን ማታም፣ ለካ አንድ የጎረቤት ስልክ ከላፕቶፔ ጎን ተሰክቶ ሲጠባ ነበር፡፡ ሒሳቡን ላሳያችሁ፡፡ አምስት ሺህ ሚሊ አምፒር የሚባለው የስልክ ባትሪ ሲሞላ 19 ዋት ሰዓት ግድም ይይዛል፤ በመንገድ ላይ የሚባክነው ሳይቆጠር፡፡ 40 ዋት ሰዓት ካለው አዲስ ላፕቶፕ ላይ ግማሹን ማለት ነው፡፡ የኔን ካረጀውማ እንዳለ ጠጥቶት ይሄዳል፡፡

ታዲያ ጎረቤትን እምቢ ይባላል? ወሎ ላይ? ቡናውን አብረን እየጠጣን? ይከብዳል፡፡ እኔ ያገኘሁት ዘዴ፣ መብራት ባለ ጊዜ ሞልቼ የማስቀምጣት አንዲት ፓወር ባንክ ናት፡፡ ስልክ የመጣ እንደሆነ ወደ እሷ ነው የምመራው፡፡ ላፕቶፑ ላይ ግን የሰው ጉዳይ ተከፍቶ ከሆነ፣ ‹‹ይቅርታ፣ የሰው አደራ ይዟል›› እላለሁ፡፡ አደራ ሲባል የማይገባው ሰው አላጋጠመኝም፡፡

ሰማንያ ወይስ መቶ?

አንዳንድ ላፕቶፖች ባትሪው 80 በመቶ ላይ ሲደርስ መሙላቱን እንዲያቆም የሚያዝ ነገር አላቸው፡፡ ጠጋኞችም ‹‹እንዲህ አድርጉ፣ ባትሪው ዕድሜ ያገኛል›› ይላሉ፡፡ እውነታቸውን ነው፤ ሊቲየም ባትሪ ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ ሶኬት ላይ ሲውልና ሲሞቅ ቶሎ ያረጃል፡፡ ነገር ግን ምክሩ የተሰጠው መብራት ለማይጠፋበት ሰው ነው፡፡ እዚህ ያ ሃያ በመቶ ማለት የአንድ አቤቱታ ማለቅና አለማለቅ ሊሆን ይችላል፡፡

የኔ አካሄድ እንዲህ ነው፡፡ በበጋ፣ መብራቱ ሰላም በሆነበት ሰሞን 80 ላይ አስቆመዋለሁ፡፡ ክረምት ሲገባ፣ ሰማዩ ሲጠቁር ወይም በማግስቱ የሚደርስ ሥራ ካለ መቶ አድርሼ አድራለሁ፡፡ ባትሪ ይገዛል፡፡

ከሁሉም በላይ ይቺን አትርሱ

ይህን ሁሉ ብታደርጉም ማሽን ማሽን ነው፡፡ የኔን ጉድ የሠራው ባትሪው ብቻ አይደለም፤ አለማስቀመጤ ነው፡፡ ‹‹ወርድ›› ላይ የምትጽፉ ከሆነ ‹‹ፋይል››፣ ‹‹ኦፕሽንስ››፣ ‹‹ሴቭ›› ብላችሁ ግቡ፡፡ በየአሥር ደቂቃው በራሱ ቅጂ የሚይዘውን ‹‹አውቶሪከቨር››ን ወደ አንድ ደቂቃ አውርዱት፡፡ ማንም ‹‹ያንቀራፍፍብሻል›› ቢል እንዳትሰሙት፡፡ ሥራውንም ከመጀመራችሁ በፊት፣ ባዶ ወረቀት እያለ፣ ስም ሰጥታችሁ አስቀምጡት፡፡ ከዚያ በየዓረፍተ ነገሩ ‹‹ኮንትሮል››ንና ‹‹ኤስ››ን ጠቅ! የምጽፈው በ‹‹ፓወር ግዕዝ›› ነው፤ ስሙ ፓወር ሆነ እንጂ መብራት አይሰጥም፣ ምን ላድርግ!

አሁን ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ ስሙን ጠይቄ ፋይሉን በስሙ እከፍታለሁ፡፡ ከዚያ በኋላ ነው ‹‹እሺ፣ ይንገሩኝ›› የምለው፡፡

እኒያ እናት በኅዳር 2018 ዓ.ም. እንደገና መጥተው ነበር፤ ለሌላ ማመልከቻ፡፡ ይግባኙ ገና በቀጠሮ ላይ ነው አሉኝ፡፡ መብራት ነበረ፡፡ ላፕቶፑን ጎንበስ ብለው አዩትና ‹‹አሁንስ ይይዛል?›› አሉኝ፡፡

‹‹ይይዛል እናቴ›› አልኳቸው፡፡

ዝም ብለው ትንሽ ቆዩ፡፡ ስለ ድንጋዩ ግን አላነሡም፡፡ እኔም አልጠየቅኋቸውም፡፡ ዳሩ ግን በስማቸው የተከፈተ አንድ ባዶ ገጽ አለ፤ ካሻቸው ቀን ይጠብቃቸዋል፡፡

ሳምንት በሰላም ያገናኘን፡፡ መብራቱም አይጥፋብን!